በሽንፋና በመተማ ቆላ ስላለው የዕጣን ዛፍ፤ ወራሽ ያጣበት ምክንያትና የሚጠበቅበት መንገድ

በኅዳር ወር ከገንዳ ውኃ ወደ ሽንፋ የሚወርድ መንገደኛ በድንጋያማው ኮረብታ ላይ ቆሞ የሚያየው የዕጣን ዛፍ ብዛቱ ያስደንቀዋል። ቅጠሉን አራግፎ፣ ልጡ እንደ ወረቀት እየተላጠ፣ አንዱ ካንዱ ተራርቆ እስከ ዓይን ማድረሻ ሲታይ ይህ ሀብት ያልቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከመንገዱ ወጥቶ በዛፎቹ መካከል የገባና ዓይኑን ወደ መሬት የመለሰ እንደሆነ ሌላ ነገር ያስተውላል። ትልልቆቹ ዛፎች ሞልተዋል፤ በክረምት የበቀለ ትንሽ ቡቃያም እዚህም እዚያም አይታጣም፤ ከጉልበት ከፍ ብሎ የሰው ቁመት ያህል ያደገ፣ ግንዱ የክንድ ውፍረት ያህል የደረሰ ጎልማሳ ዛፍ ግን ብዙ ቦታ ተፈልጎ አይገኝም። በአንድ ቤት ሽማግሌዎች ብቻ ሞልተውበት ጕልማሳም ልጅም የሌለ እንደሆነ፣ ያ ቤት ዛሬ ሰው የሞላው ቢመስልም ነገ እንደሚዘጋ ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል። የመተማ የዕጣን ደን ያለበት ሁኔታም ይኸው ነው።

አገሩን የሚያስተዳድርና ደኑን በውል የሚሰጥ ሹም የቆመውን ዛፍ ቆጥሮ «ሀብቱ አለ» ብሎ የጻፈ እንደሆነ የጻፈው እውነት ነው፤ ሆኖም የጻፈው ስለ አባቶች እንጂ ስለ ወራሾች አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸው ወራሹ በምን ምክንያት እንደ ጠፋና እንዲመለስ ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው።

የሽንፋ ወንዝ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ከፍተኛ አገር ተነሥቶ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሱዳን ከገባም በኋላ ረሃድ ተብሎ ከጥቁር ዓባይ ጋራ ይገናኛል። በዚህ ቆላ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ከወረደ በኋላ የቀረው ስምንት ወር የሚያህለው ጊዜ ደረቅ ነው። ወንዙም ፍሰቱ ይቋረጥና እዚህም እዚያም የተነጣጠለ ኵሬ ብቻ ይሆናል። የበረሃው ኑሮ ሁሉ፣ የሰውም የአራዊትም የዛፍም፣ በዚህ ደረቅ ወራት እንዴት ይታለፋል በሚለው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው።

ሰው ይህን ነገር የተማረው ትናንት አይደለም። በሽንፋ ወንዝ ዳር ሽንፋ መተማ 1 ተብሎ በተሰየመው ስፍራ መሬት ቆፍረው የመረመሩ ሊቃውንት የጥንት ሰዎች ሰፈር አግኝተዋል፤ የምርመራቸውም ውጤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በሱማትራ ደሴት ያለው የቶባ እሳተ ገሞራ ከ74,000 ዓመት በፊት በፈነዳ ጊዜ እጅግ የደቀቀ ብናኙ በነፋስ ተወስዶ እስከ ሽንፋ ደርሶ በአፈሩ ውስጥ ተገኘ። በዚያ ዘመን እዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች አየሩ እየደረቀ ሲሄድ ከኵሬው ዓሣ አጥምደው መብላትን አበዙ፤ የሰጎን እንቍላል ቅርፊት፣ የአራዊት አጥንት፣ የቀስት ጫፍ የሚመስል የተጠረበ ድንጋይም ከሰፈራቸው ተገኝቷል። እንግዲህ ይህ ወንዝና ይህ ዱር በክፉ ቀን ሰውን ሲመግቡ የኖሩ ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን የቆየው ነገር ባንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲመናመን ማየት ለአስተዳዳሪ ቀላል ጉዳይ ሊሆን አይገባም።

የዕጣን ዛፍ፣ በትግርኛ መቀር የሚባለው፣ ሌላው ዛፍ የማይወደውን ገደላማና ድንጋያማ መሬት መርጦ ይበቅላል። ቅጠል የሚያወጣው በክረምት ለአራት ወር ያህል ብቻ ነው፤ በዚህ አጭር ጊዜ የሚሰበስበውን ምግብ በግንዱና በሥሩ አከማችቶ በጋውን ሁሉ በርሱ ይኖራል። አበባውን የሚያብበውና ፍሬውን የሚያፈራውም ቅጠል ሳይኖረው በዚያው በበጋ ነው። ሰውም ግንዱን የሚያደማው በዚያው ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ ነው። ሠራተኛው ስለት ባለው ትንሽ መሣሪያ ልጡን በስሱ ይልጠዋል፤ ነጭ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጥቶ ይረጋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ተመልሶ የረጋውን ይለቅማል፤ ቍስሉንም እንደ ገና ጥቂት አስፍቶ ያድሰዋል። እንዲህ እያለ ባንድ በጋ ስምንት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ይመላለሳል። በሙቀቱና በውኃው ጥማት ላይ የዚህ ሥራ ድካም ብርቱ ነው፤ ብዙዎቹ ሠራተኞችም ከሩቅ፣ ይልቁንም ከትግራይ፣ ለዚህ ሥራ ሲመጡ የኖሩ ናቸው።

የሚለቀመው ዕጣን ጥቅሙ ለሁሉ የታወቀ ስለሆነ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ያርጋል፤ በየቤቱ ቡና ሲፈላ ይጨሳል፤ ወደ ውጭ አገር ተልኮም ለሽቶና ለመድኃኒት ሥራ ይሆናል።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንመለስ። በሹማምንት ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ዛፉን የገደለው አድሚው ነው» የሚል ቃል ነው። ቃሉ እውነት አለበት፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም፤ ድኻውን ከሶ መገላገል ቀላል ስለሆነም ከሚገባው በላይ ተወድዷል።

እውነት የሆነው ክፍል ይህ ነው። ዛፉ አበባና ፍሬ በሚሰጥበት ወራት ሲደማ፣ ለፍሬው ይሆን የነበረው ምግብ ቍስሉን ለመዝጋት ይወጣል። በኤርትራ በዚሁ በዕጣን ዛፍ ላይ ተደርጎ የታተመው ምርመራ እንዳሳየው፣ ካልደሙ ዛፎች የተገኘው ዘር ሲዘራ ከመቶው ከ80 በላይ ሲበቅል፣ በብዙ ከደሙት የተገኘው ግን ከመቶው 16 እንኳ አልበቀለም። ደግሞም ቍስል የበዛበት ግንድ ለነቀዝ በር ይከፍታል። ግንድ የሚሰረስረው የረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ዕጭ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቦረቡረዋል፤ እንዲህ የሆነው ዛፍ ብርቱ ነፋስ በመጣ ጊዜ ተሰብሮ ይወድቃል። ቍስል ሲበዛ ዕጣኑም በዚያው ልክ የሚበዛ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ በመተማ የተደረገው ፈተና ከተወሰነ ቍጥር በላይ የተጨመረ ቍስል ዕጣን እንደማይጨምር አሳይቷልና።

የቀረው ክፍል ግን ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነው። በሆላንድ አገር ያለው የዋኺኒንገን ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ የደን ምርመራ ሊቃውንት ተባብረው በመተማ የሚደሙና የማይደሙ የዕጣን ደኖችን ለይተው ለዓመታት ዛፎቹን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ተመለከቱ። በ2004 ዓ.ም. ያወጡት ውጤት የማይደማውም ደን እንደሚደማው ሁሉ ወራሽ እንደሌለው የሚያስረዳ ነበር። በሁለቱም ትልልቆቹ ዛፎች በየዓመቱ ከመቶ 6 ወይም 7 ያህል ይሞታሉ፤ በሞቱት ፈንታ የሚተካ ግን የለም። ነገሩ እንዲሁ የቀጠለ እንደሆነ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፉ ከመቶው 90ው እንደሚጠፋ፣ የዕጣኑም ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አስልተው ገለጹ። ጥቂት ቆይቶም የግንዱን ዓመታዊ ቀለበት በመቍጠር የዛፎቹን ዕድሜ የመረመሩ ሊቃውንት በመተማ ካሉት ዛፎች መካከል ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ተወልዶ ለማደግ የበቃ አለመኖሩን አስታወቁ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 ደኖች ተመርምረው ከአራቱ እጅ ከሦስቱ በሚበልጡት ውስጥ ጎልማሳ ዛፍ ታጣ።

ስለዚህ ማድማቱን ብቻ ከልክሎ ቤቱ የገባ ሹም ደኑን አላዳነም። ዕጣን መልቀም የተከለከለበት ዛፍ ለገበሬው ዋጋ የሌለው ግንድ ይሆናል፤ ዋጋ የሌለውን ግንድ ቆርጦ በስፍራው ሰሊጥ መዝራትም ለማንም ቢሆን የሚቀል ነገር ነው። ክልከላ ብቻውን ጥፋቱን ሊያፋጥነው እንደሚችል ልብ ይሏል።

ታዲያ ሕፃኑን ዛፍ የሚገድለው ማን ነው? ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የከብት እግርና አፍ፣ ከእነርሱም ጋራ እሳት።

በክረምት የመተማና የቋራ ቆላ በሣር ሲሸፈን፣ በደጋው ግን መሬቱ ሁሉ በአዝመራ ተይዞ ለከብት ግጦሽ ሲጠፋ፣ ከአጎራባቹ ደጋ ብዙ መንጋ ወደ በረሃው ይነዳል። ይህ ልማድ የቆየ ነው፤ ለደጋው ገበሬም ያለ እርሱ በሬ ማቆየት የሚከብድ በመሆኑ በቍጣ ብቻ የሚቀር አይደለም። ነገር ግን መንጋው የሚወርድበት ወራት ያ ቡቃያ ከመሬት ብቅ የሚልበት ወራት ነው። ያልተበላው ይረገጣል። ከእግርና ከአፍ ያመለጠውንም ክረምቱ ካለፈ በኋላ እሳት ያገኘዋል። ሣሩ ከሰው ቁመት በልጦ ይደርቃል፤ አንዱ እርሻውን ለማጽዳት፣ ሌላው አዲስ ሣር እንዲያቆጠቍጥ፣ ማር ቈራጩም ንብ ለማባረር እሳት ይለኩሳል፤ ነፋስ ይዞት ከወጣ በኋላ የለኰሰው ሰው አይታወቅም። ትልቁ ዛፍ እሳቱን በወፍራም ልጡ ይቋቋማል፤ ትንሹ ግን ከሥሩ በላይ ያለው ሁሉ ይነዳል፤ በሚቀጥለው ክረምት ከሥሩ ቢያቆጠቍጥም በሚቀጥለው በጋ ደግሞ ይነዳል። እንዲህ እያለ በየዓመቱ የሚወለድና በየዓመቱ የሚሞት፣ ከጉልበት በላይ ማደግ ያልተፈቀደለት ተክል ሆኖ ይቀራል። የዕጣን ዘር እንደ ሌሎች ዘሮች በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዓመት የሚቆይ አለመሆኑም ችግሩን ያበረታዋል፤ ያንዱ ዓመት ዘር ከጠፋ ጎተራው ባዶ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መሬቱ ራሱ እየተወሰደ ነው። ቀድሞ ይህን ቆላ ከእርሻ የጠበቀው አዋጅ ሳይሆን ንዳድ ነበር። የወባ መድኃኒት እየተስፋፋ፣ መንገዱም እየተከፈተ ሲሄድ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ሰፋ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ሥራ መሬት ያጣው የደጋ ገበሬ ከነቤተ ሰቡ ወደ መተማና ወደ ቋራ ወርዶ ሠፈረ፤ ከመንግሥት ሰፊ መሬት የሚከራይ ባለ ሀብትም በትራክተር እያረሰ ገባ። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለአገሪቱ የውጭ ገንዘብ ከሚያስገቡት ዋና ዋና አዝርዕት አንዱ ስለሆነ ይህን ሥራ የሚነቅፍ አይኖርም፤ ድኻውም መብላት አለበት። የሚነቀፈው አስተራረሱ ነው። ሰሊጥ በሰሊጥ ላይ ያለ ፈረቃ ሲዘራ መሬቱ በጥቂት ዓመት ይደክማል፤ የደከመውን መሬት አድኖ ከማልማት ይልቅ አዲስ ደን መመንጠር ስለሚረክስ ገበሬውም ባለ ሀብቱም ወደ ፊት ይገፋል። ክርክራው፣ ግራሩ፣ ቁርቁራው፣ በወንዝ ዳር ያለው ሽመልም አብረው ይወድቃሉ። በእነርሱ የሚኖረው ንብ፣ ወፍና የዱር እንስሳም ቤቱን ያጣል። ዛሬ ሊቃውንት ብዝኃ ሕይወት የሚሉት ይህ የተያያዘ ሀብት ነው፤ አንዱ ሲመዘዝ ሌላው ይላላል።

ስለ ዕጣኑ ደን ውል አንድ ነገር መጨመር ይገባል። አንድ ሰው ደኑን ለአንድ ወይም ለሁለት በጋ ብቻ የተከራየ እንደሆነ ነገ የርሱ ያልሆነውን ዛፍ ለምን ያሳርፈዋል? በውሉ ዘመን የሚቻለውን ያህል አድምቶ ይሄዳል። ይህ ነገር በዓለም አዲስ አይደለም። በዛሬይቱ ሊቢያ በቀሬና አገር ሲልፍዮን የሚባል ዕፅ ይበቅል ነበር፤ ግሪኮችና ሮማውያን ለመድኃኒትና ለወጥ ቅመም በብር ክብደት ይገዙት ነበር፤ የቀሬና ሰዎችም በገንዘባቸው ላይ ሥዕሉን ቀርጸውታል። ሮማዊው ፕሊኒዮስ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ሲጽፍ፣ ግጦሹን የተከራዩት ሰዎች በጎችን ማሰማራቱ ፈጥኖ ትርፍ ስለሚሰጣቸው ዕፁን እንዳስበሉት፣ በርሱ ዘመንም አንድ አገዳ ብቻ ተገኝቶ ለንጉሡ ለኔሮን እንደ ተላከ ይተርካል። የአጭር ጊዜ ውልና ልቅ ግጦሽ ተባብረው በቀሬና ያደረጉትን በሽንፋ ለማድረግ የሚከለክላቸው ነገር የለም።

አሁን ስለ መጠበቂያው። በደን ጥበቃ ታሪክ አገራችን ከማንም የምታንስ አይደለችም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ተራራ በጥድ እንዳስተከሉ ይነገራል፤ ደኑም እስከ ዛሬ አለ። በደቡብ ጎንደር የታረሰው አገር ሁሉ ራቍቱን ሲቀር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ደን ቀርቷል፤ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ብቻ በተደረገ ምርመራ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተቈጥሯል። ከዚያው ምርመራ የተገኘው ሌላው ትምህርት ግን ለመተማ የበለጠ ይጠቅማል። በቅዱስ ስፍራ ያለውን ዛፍ ማንም ሰው ባይቆርጠውም፣ ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ቡቃያው ሳያድግ ይጠፋል፤ ከብት እንዳይገባ በታጠረበት ግን ችግኙ በርክቶ ይታያል። ምሳር የማይደፍረውን ደን እንኳ ያለ ወራሽ የሚያስቀረው ከብት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ በመተማ ሊሠራ የሚገባው የመጀመሪያ ሥራ ደኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ መዝጋት አይደለም፤ ያ የማይቻል ነው። ደኑን በክፍል ከፍሎ አንዱን ክፍል ቡቃያው ከከብት አፍና ከእሳት ነበልባል በላይ እስኪያድግ ድረስ መከለል፣ የቀረውን ለግጦሽና ለለቀማ መተው፣ የመጀመሪያው ሲደርስ ወደ ሁለተኛው መሄድ ነው። አንድ ክፍል ለሁለት ዓመት ተከልሎ ውጤት ሳይታይ ቢከፈት ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ቡቃያው በዝግታ የሚያድግ ስለሆነ የብዙ ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃልና። ሹመት በየጊዜው በሚለዋወጥበት አገር ይህን ማስፈጸም የሚቻለው ክልሉ በመዝገብ ተጽፎ፣ ወሰኑ በሕዝብ ፊት ተተክሎ፣ ተሿሚው ለተተኪው ሲያስረክበው ብቻ ነው። ከደጋ ለሚወርደውም መንጋ የሚተላለፍበት መንገድና የሚሰማራበት ስፍራ አስቀድሞ ከደጋው ወረዳ ሹማምንት ጋራ ተመካክሮ መወሰን ያስፈልጋል። የቆላው ሹም ብቻውን የከለከለ እንደሆነ ጠብ ይነሣል እንጂ ግጦሹ አይቀርም።

እሳትን በተመለከተ ጊዜውን ማወቅ ከሁሉ ይበልጣል። ሣሩ ፈጽሞ ሳይደርቅ፣ በጥቅምት መግቢያ፣ በተከለለው ደን ዙሪያ ሰፋ ያለ መንገድ ተመንጥሮ የጸዳ እንደሆነ የታኅሣሥና የጥር እሳት ከዚያ አያልፍም። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ጉልበት ዕጣን የሚለቅሙት ሰዎች ናቸው፤ በዚያው ወራት በዚያው ደን ይውላሉና።

ለለቀማው ውል የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የውሉን ዘመን ማርዘም፣ በውሉም ውስጥ ቀጭን ግንድ እንዳይነካ፣ ባንድ ዛፍ ላይ የሚደረገው ቍስል ቍጥሩ እንዲወሰን፣ ስለቱም ልጡን አልፎ እንጨቱን እንዳይነካ፣ እያንዳንዱ ዛፍም በፈረቃ የሚያርፍበት ዓመት እንዲኖረው መጻፍ ይገባዋል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ውሉ በአካባቢው ለሚኖሩ ገበሬዎች ማኅበር የተሰጠ እንደሆነ ነው፤ ልጁ ይወርሰዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ዛፍ ያሳርፋል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረ ሰብንና የግል ደንን በሕግ ስለሚያውቅ፣ ይህን ለማድረግ ሹሙ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ዘሩ በጠፋበት ስፍራ መትከልም ይቻላል። ከዕጣን ዛፍ የተቆረጠ ወፍራም ቅርንጫፍ ከክረምቱ አስቀድሞ ቢተከል ሥር እንደሚያወጣ በተግባር ታይቷል፤ ይህም ከዘር ከሚበቅለው ይልቅ ፈጥኖ ከከብት አፍ በላይ ይሆናል። ለዘር የሚሆኑ ጥቂት ብርቱ ዛፎችን በየኮረብታው መርጦ ከቶ ሳይደሙ መተው ደግሞ ምንም ወጪ የሌለበት ሥራ ነው።

ሰሊጥ አራሹን በተመለከተ፣ የመሬት ፈቃድ የሚሰጥ ሰው አዲስ ምንጣሮ ከመፍቀዱ በፊት ቀድሞ የተሰጠው መሬት ምን እንደ ሆነ ሄዶ ማየት አለበት። ሰሊጡን ከማሽላና ከጥራጥሬ ጋራ እያፈራረቀ የሚዘራ ሰው ማሳው ቶሎ አይደክምበትም። ድንጋያማው ኮረብታ ለዕጣን እንጂ ለማረሻ ያልተፈጠረ መሆኑ፣ የወንዝ ዳርም ዛፉ ሊነካ እንደማይገባ በፈቃዱ ወረቀት ላይ በግልጽ ቢጻፍ ክርክር ይቀንሳል። የወንዝ ዳር ዛፍ ሲወድቅ ኵሬው በደለል ይሞላል፤ ኵሬው ሲሞላ ዓሣው በበጋ የሚያርፍበት ያጣል። በጣና ገባር ወንዞች የታወቀው ክፉ ልማድ፣ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውኃውን እየመረዙ ዓሣ መልቀም፣ በእንዲህ ያለ ኵሬ ላይ ከተደረገ ደግሞ ትልቁን ከትንሹ፣ እናቲቱን ከዕንቍላሏ ባንድ ቀን ይጨርሳል። ቀጣዩ ክረምት ወንዙን ይሞላዋል እንጂ የጠፋውን ዘር አይመልሰውም።

ከሽንፋ በስተ ደቡብ በቋራ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በሱዳን በኩልም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1935 ከተከለለው ከዲንደር ፓርክ ጋራ ይዋሰናል። በ2008 ዓ.ም. ሊቃውንት በአላጥሽ ሌሊት ራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ አጥምደው አንበሳ መኖሩን በሥዕል አረጋገጡ፤ የቋራ ሰው ግን ከዚያ አስቀድሞም ድምፁን ሲሰማ የኖረ ነው። አንበሳውም ሆነ የሚያድነው እንስሳ የሁለቱን መንግሥታት ድንበር አያውቅም፤ በደረቁ ወራት ውኃ ወዳለበት ይሻገራል። ድንበሩን የሚሻገር የከብት መንጋና የዛፍ ቈራጭም እንዲሁ ነው። በአንዱ ወገን ያለው ጠባቂ ብቻውን ምንም ቢተጋ በሌላው ወገን ጥበቃ ከሌለ ሥራው ግማሽ ይሆናል፤ በሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሣው ጦርነትም ይህን አክብዶታል። ስደተኛው በመተማ በኩል ሲገባ የሚያበስልበት እንጨት ያስፈልገዋል፤ ማገዶው ከየት እንደሚቆረጥ ያልተወሰነ እንደሆነ ከቅርቡ ደን መቆረጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ስፍራውን መወሰን የተቀባዩ ወረዳ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ስለ ቈጠራው። እስከ አሁን ስለ ደን የሚጻፉት ብዙዎቹ መግለጫዎች የደኑን ስፋትና የተለቀመውን ዕጣን ኩንታል የሚናገሩ ናቸው። ሁለቱም ቍጥሮች ወራሹ ከጠፋ በኋላም ለብዙ ዓመት መልካም መስለው ሊቆዩ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ የዕጣን ደን ሦስተኛ ቍጥር መጨመር ይገባል፤ ይኸውም ከጉልበት በላይ ያደገ፣ ነገር ግን ገና ለለቀማ ያልደረሰ ዛፍ ብዛት ነው። ለዚህ ቈጠራ ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ሣሩ ሳይነድ፣ አንድ የወረዳው ሠራተኛ ከሁለት የአገር ሽማግሌዎችና ከአንድ ዕጣን ለቃሚ ጋራ ሆኖ በየዓመቱ በዚያው በተወሰነ መስመር ይሂድ፤ ሃምሳ እርምጃ ርዝመትና ሃምሳ እርምጃ ስፋት ያለው ቦታ እየለካ ያገኘውን ይጻፍ። ባዶ ከሆነም ባዶ ብሎ ይጻፍ፤ መዝገቡም በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ዓመት ቈጣሪም ይህንኑ ይዞ ወደዚያው ቦታ ይመለስ።